በእናቴ ቤት ሁሉም የሺ ነበሩ

ባለፈው ወር የእናቴን የሰባት ዓመት መታሰቢያ በታናሽ እህቴ በዕሌኒ ቤት አደረግን። ካህናቱ ተሸኝተው ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው የድሮ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሰዎች ነበርን፤ እያነከስን የገባን፣ መነጽር ፍለጋ ቦርሳችንን የምናተረማምስ፣ አንዳችን የሌላችንን ስም ለማስታወስ ግንባራችንን የምናሻሽ። ወሬው እንደተለመደው ወደ ደጉ ዘመን ዞረ። የእናቴ ጎረቤት የነበሩት ወይዘሮ አስካለ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ናቸው፣ ሳህናቸውን አስቀመጡና፣ «ጽጌን የመሰለች ሴት ድሬ ሁለተኛ አላየችም» አሉ። «ሠራተኞቿን እንደ ልጆቿ ነበር የምትይዛቸው። የሺ እንዴት ያለች ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ እኮ ሠራተኛ ቤተሰብ ነበረች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይኼ ነው።» ድንኳኑ በሙሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። እኔ የትኛዋ የሺ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጡረታ የወጣሁት ከማስተማር እንጂ ከመናገር አይደለም፤ ዕሌኒም ምላሴን ስለምታውቅ ከወዲያ ማዶ አፍጥጣ አየችኝ። ቀኑ የሟች ነው ብዬ ዋጥኩት።

ንዴቴን ላበርድ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ዕሌኒ የእናታችንን የከሰል ካውያ ከቆጥ አስወርዳ ኖሯል። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ዐሥራ አራት ቢሆናት ነው፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች። በእጇ ውሃ ትረጫለች፣ ካውያውን ታሳርፋለች፣ ጨርቁ ጪስ ይላል፤ ከዚያ ሽታው ይነሳል፤ የጋለ ብረት፣ የእርጥብ ጥጥና የከሰል ሽታ። የውሃው በርሜል አጠገብ ያለ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ስድሳ ዓመት ይሆነኛል፤ ሆኖም አፍንጫዬ ከእኔ ይልቅ የማይረሳ ኖሮ ቀጥታ ወደ ከዚራው ቤት፣ ወደ ሰማያዊው የብረት በር ወሰደኝ።

ያኔ ከዚራ ከዚራ ነበረች። እናንተ የሌላ አገር ሰዎች የድሬዳዋ ዛፍ የምትሉት በግራና በቀኝ ቀይ አበባውን ያነጥፍና መንገዱ የሠርግ ቀን ይመስላል። ጋሪ በዐሥር ሳንቲም ከለገሃር እስከ ቤታችን ታደርሳለች፤ ፈረሱ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ሲንኳኳ የማን እንግዳ እንደመጣ ለማየት መንደሩ በሙሉ መጋረጃ ይገልጣል። መጋላ፣ ገበያው ሰፈር፣ ስንወርድ ሳንቡሳ ሦስቱ በዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ከየሱቁ የዓረብኛው ዘፈን፣ የሱማሊኛው፣ የኦሮምኛው፣ የሐረሪው ይደበላለቃል፤ እኛ ልጆችም አራቱን ቋንቋ አንድ አፍ ውስጥ ደባልቀን አንዱን ከአንዱ ሳንለይ እናወራ ነበር። እናቶቻችን ጠቃጠቆ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በጋለ ማበጠሪያ አስተኝተው፣ ከሰዓት በኋላ ይጠያየቃሉ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ሥር ሞቶ ይውላል። ያቺን ከተማ እወዳታለሁ፤ ዛሬም ሰው ሲነካብኝ እቆጣለሁ። ነገር ግን ስለ እርሷ የሚያወሩትን ሰምቼ የምበሽቀው ነጩን ልብስ እያሞገሱ የተኮሰችውን ሲረሱ ነው። ከተማው ሁሉ ተኝቶ አይውልም ነበር። በየቤቱ ጓሮ አንዲት ልጅ፣ በዚያ ሙቀት ላይ የከሰል ካውያ ጨምራ፣ ቆማ ትውል ነበር።

አባቴ በባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ትልቅ ሹመት አይደለም፤ እናቴ ግን ትልቅ አድርጋዋለች። በቀን ሁለት ጊዜ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም በሩዝ ውሃ የደረቁ፤ ኮሌታቸው ጣት ይቆርጣል። የደመወዙ ልክ የጣቢያ ጸሐፊ፣ የሸሚዙ ልክ የጣቢያ አዛዥ ይል ነበር አጎቴ እየሳቀ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ላድናት አይደለም፤ ነገሩን የሚያከብደው ይኼ ስለሆነ ነው። ጾሟን ትጾማለች፣ ለማኝ በባዶ እጁ አትመልስም፣ የታመመ ጎረቤት ሾርባዋን ሳይቀምስ አይድንም። ደግነቷ ሁሉ ግን ከግቢያችን በር ወደ ውጭ ነበር የሚሄደው።

ደንቧ ይህ ነበር። ስታገባ ከሸዋ ይዛት የመጣችው የሺ የምትባል ሠራተኛ ነበረቻት፤ ታማኝ፣ እጀ ጥሩ፣ ዝምተኛ። ያቺ የሺ ባል አግብታ ሄደች። በምትኳ ሌላ ልጅ መጣች፤ ስሟ ሌላ ነበር፤ እናቴ ገና ደጃፉ ላይ፣ «እኛ ቤት የሺ ነው የምንለው» አለቻት። ቀጥላ የመጣችውም የሺ ሆነች፣ ከዚያ በኋላ የመጣችውም። አባቴ የሺ ብሎ ሲጣራ አቤት የምትለው ፊቷ ይለዋወጥ እንጂ ስሟ አይለዋወጥም። ስሙ እንደ ሽርጧና እንደ ሳህኗ የቤቱ ንብረት ነበር፤ ስትገባ ትረከባለች፣ ስትወጣ ታስረክባለች። እናቴ ስትጠየቅ አዲስ ስም መልመድ ራሴን ያመኛል ትላለች። ደግሞ ከባላገር የመጡት ስማቸው ለአፍ አይመችም ትላለች። የሰፈሩን የፈረንጅ ሚስቶች ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ የምላስ መጠማዘዝ ያለበትን ስም፣ አንድ ሳትስት የምትጠራ ሴት ናት ይህን የምትለው። የሚገርመው ይህ የእሷ ብቻ አመል አለመሆኑ ነው። ወይዘሮ አስካለ ቤት ሁሉም ብርቱካን ነበሩ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አራተኛዋ የሺ መጣች። ሠራተኛ አገናኟ ሴት በእጇ ይዛ አመጣቻት። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ጸጉሯ በቅቤ ተሸርቦ፣ እግሯ ነጭ አቧራ ለብሶ፣ በአንድ እጇ የያዘችው ትንሽ ጥቅልል ብቻ። ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ካለ መንደር ናት አለች አገናኟ፤ አባቷ ሞቷል፣ ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ማሽላው ስለከዳቸው እናቷ ለአንድ ዓመት ሰጥታኛለች፣ ዝናብ ሲመለስ መጥታ ትወስዳታለች። እናቴ ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮዋ ሰማችና የልጅቷን እጅ አዙራ አየች፤ ጥፍሯን አስቆረጠች፣ ጸጉሯን አስላጨች፣ የቤቱን ስም ሰጠቻት። ስምሽ ማነው ብላ አልጠየቀችም። ይህን ደጋግሜ አስታውሼ አረጋግጫለሁ፤ እዚያው ቆሜ ነበር፣ አልጠየቀችም። እኔንም እትዬ እንድትለኝ አዘዘቻት። በአራት ዓመት የምትበልጠኝን ልጅ፣ ለዘጠኝ ዓመት ሕፃን እትዬ በይ ማለት ምን ዓይነት ቤተሰብነት እንደሆነ ወይዘሮ አስካለ ያስረዱኝ።

በእንቅልፍ ሰዓት እኔ አልተኛም ነበር። ሾልኬ ወደ ጓሮ እወጣና ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር፣ አንሶላው እስከ መሬት በሚወርድበት፣ እንደ ጎጆ እገባለሁ። እሷ ከላይ ትተኩሳለች፣ እኔ ከታች ሆኜ አወራታለሁ። መጀመሪያ አማርኛዋ ሰባራ ስለነበር በኦሮምኛ ነበር የምናወራው፤ እኔ ከመንገድ ልጆች የለቀምኩት ነበረኝ። እናቴ ከዚህ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም፤ እኔም ማወቄን አታውቅም፣ ብታውቅ የምትሆነውን እሷ ታውቃለች። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የሺ ስላት ዝም አለችኝ። ሁለተኛ ስጠራት ጎንበስ ብላ አንሶላውን ገለጠችና፣ «ሰው ሳይኖር ኢፍቱ በይኝ» አለች። «እንዳልረሳው ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላው ሥር ኢፍቱ፣ ከአንሶላው ውጭ የሺ ሆነች። በዚያ ግቢ ውስጥ ስሟን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኩራት ነበር የሚሰማኝ፤ ልጅ ምሥጢር ሲይዝ እንደሚሰማው ዓይነት ኩራት።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ጣለ። ደረቁ ወንዛችን ደቻቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ወረደ፣ ከተማው ለጎርፍ እይታ ድልድዩ ላይ ተኮለኮለ፤ ከዚያ ደለሉ ደርቆ እንደ ወትሮው የግመል መንገድ ሆነ። ኢፍቱ ካውያዋን እየገፋች ቀን ትቆጥር ነበር። ማሽላው አሁን ጉልበቴን ያህላል፣ አሁን አንገቴን ያህላል፣ አሁን ያፈራል ትለኛለች፤ ሲታጨድ እናቴ ትመጣለች። ለእኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያለው ጎጆ ሊፈርስብኝ ነው።

መጣችም። እንቅልፍ ሰዓት ነበር፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ። አባቴ ሲነሳ የሎሚ ውሃ በበረዶ ስለሚጠጣ ኢፍቱ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ወደ በረዶ ፋብሪካው ትላካለች፤ የስሙኒውን በረዶ በጆንያ ጠቅልላ፣ ሳይቀልጥባት እየሮጠች ትመለሳለች። የወጣችው ገና አሁን ነው። የግቢው በር ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ይቅርታ። ከፈትኩ። ረጅም ሴት ናት፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ አቧራ፣ ከእንጨት ሻጮች ጋር ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረች። ብብቷ ሥር አንድ እቅፍ ጥንቅሽ በጨርቅ አስራ ይዛለች። በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፣ እኔም መለስኩላት። ፊቷ በራ። ከተማው ውስጥ ከጠዋት ጀምራ ስትጠይቅ በቋንቋዋ የመለሰላት ሰው እምብዛም ነበር መሰለኝ። ሰማያዊ በር፣ የባቡር ሰው ቤት ብለውኛል፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ ኢፍቱ እዚህ አለች ወይ አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ ከእንቅልፏ ተነስታ በረንዳው ላይ ብቅ አለች፣ ጸጉሯ በሻሽ ታስሮ፣ ዓይኗ ገና አልተገለጠም። ማናት አለችኝ። ሰው ትፈልጋለች አልኳት። ማንን? ኢፍቱ የምትባል ልጅ። እናቴ አላወላወለችም። እየዋሸች አልነበረም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እበግናለሁ፣ እየዋሸች ቢሆን ይሻል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ አብራት የኖረችውን፣ ልብሷን የምታጥብላትን፣ ልጆቿን የምታዝልላትን ልጅ ስም ስትሰማ ምንም አልመሰላትም። «እንደዚህ የምትባል እዚህ የለችም፤ ንገሪያትና ዝጊው፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለች። እማዬ፣ የሺ እኮ፣ ብዬ ጀምሬ ነበር። ጨርሼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። አልጨረስኩም። ስሟን እንዴት አወቅሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከፍርሃቱ በላይ ግን፣ እዚህ ላይ ራሴን አልምርም፣ ኢፍቱ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ወደ ሴትየዋ ዞርኩና በገዛ ቋንቋዋ፣ ጥርት አድርጌ፣ «አሲ ህን ጅርቱ» አልኳት። እዚህ የለችም።

ሴትየዋ አልተከራከረችም። የከተማ ልጅ፣ ያውም ቋንቋዋን የምትናገር ልጅ ለምን ትዋሻታለች? ትንሽ ቆማ ግቢውን በትከሻዬ በላይ አሻግራ አየች፤ ገመዱ ላይ የአባቴ ነጭ ሸሚዞች ተሰጥተው ነበር፣ ልጇ ከአንድ ሰዓት በፊት ያጠበቻቸው። ከዚያ ከጥንቅሹ አንዱን ረጅሙን መዝዛ ሰጠችኝ። በቋንቋዋ ስላነጋገርኳት። ተሻግራ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠች፣ እግሯን አራገፈች፣ ተነስታ በመጋላው በኩል ወረደች። ኢፍቱ በፋብሪካው በኩል፣ ጆንያው ጀርባዋ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እየሮጠች የመጣችው ምናልባት ሩብ ሰዓት ቆይቶ ነው። ያኔ እንኳ ብናገር ትደርስባት ነበር። ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ጥንቅሹን እየላጥኩ ነበር። ከየት አመጣሽ አለችኝ። ዓይኗ ጥንቅሹ ላይ እንዴት እንዳረፈ አልረሳውም። ከቀፊራ ነው፣ ከገበያ፣ አልኳት። አኝኬ የተፋሁትን ጠርጋ የጣለችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በቤታችን ኖረች። በመጀመሪያው ዓመት ማሽላው ታጭዶ አለቀ፣ አልመጣችም ትለኛለች። ዐረፋ ሲደርስ ዛሬ ትመጣለች ብላ እግሯን ታጥባ ትጠብቃለች። በሦስተኛው ዓመት መጠበቅ ተወች፤ አንድ ቀን ካውያውን ሳታቆም፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው፣ «እናቴ ረስታኛለች፤ ሌላ ወልዳ ይሆናል» አለች። እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ከጠረጴዛው ሥር አልገባም፣ ቁመቴም አይፈቅድም። ብዙ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። ይነቅዛል፤ እኔ አውቃለሁ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነቅዟል። ዐሥራ ሰባት ሲሆናት የጭነት መኪና ረዳት አግብታ ሄደች። እናቴ አልቅሳ ሸኘቻት፤ ቀሚስ ሰጠቻት፣ ሽቶ ሰጠቻት፣ እንደ ልጄ ናት ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ያን ቀን ያለቀሰችው እንባ ነው ይኸው ዛሬ በድንኳኑ ውስጥ የሚተረክልን። በሳምንቱ አምስተኛዋ የሺ መጣች።

መንግሥት ተለወጠ፣ ሌላም ተለወጠ፣ ጋሪው አልቆ ባጃጅ መጣ። እኔ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ አንድ ቀን አሸዋ ገበያ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ገባሁ። እጇን ሂና የተቀባች፣ ሻሿን ወደ ኋላ የጣለች ሴት ከጨርቅ ክምር ጀርባ ሆና፣ ሶሲ አይደለሽም አለችኝ። ድምጿን አወቅሁት። አፌም ከልቤ ቀድሞ፣ ገበያው መሐል፣ የሺ አለ። እኔ፣ ስሟን የማውቅ ብቸኛዋ፣ ያ ሁሉ ኩራቴ። አጠገቧ የነበረችው ወጣት፣ ልጇ ናት፣ የሺ ማናት ብላ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም። ወንበር ሳበችልኝ፣ ሻይ አስመጣችልኝ፣ ተጫወትን። እናቷን አግኝታት ኖሯል። ከሠርጓ በኋላ ባሏ ወደ መንደሯ ወሰዳት፤ እናቷ በር ላይ ስታያት ወደ ኋላ ሸሸች። የሞተ ሰው የመጣ መስሏት ነው። ያን ቀን ከተማውን በሙሉ አስሳ ስታጣት፣ ልጄ ሞታለች ብላ ወደ መንደሯ ተመልሳ ፍየል አርዳ ዱዓ አስደርጋላት ነበር። ልጅቷ እዚህ ካውያ ስትገፋ እናቷ እዚያ ሐዘን ተቀምጣለች። ኢፍቱ ይህን የነገረችኝ ጨርቅ እየለካች ነው።

«በሰማያዊው በር አንዲት ልጅ በአፋችን አነጋገረችኝ ትል ነበር እናቴ፤ ሲያሳድጓት ደህና አድርገው ነው ብላ መርቃታለች» አለችኝ። መለኪያዋን አስቀመጠች። «ያ ጥንቅሽ ከቀፊራ አልነበረም። አውቀሽ ነው?»

አውቄ ነው አልኳት። ልጅ ነበርኩ ብዬ ጨመርኩ፤ ዘጠኝና ዐሥር ዓመቴን ይዤ ስንት ዓመት እንደተደበቅሁባት።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች።

ሌላ አልተናገረችም። ጨርቁን ቆረጠች፣ አጠፈች፣ በወረቀት ጠቀለለች፣ ደህና ሁኚ ብላኝ ወደሚቀጥለው ገበያተኛ ዞረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም፣ ይህም ለእሷ ምንም አይጠቅማትም። ከዚያ በኋላ አሸዋ በሄድኩ ቁጥር በዚያ መደዳ ማለፍ ፈራሁ። ሞታ እንደሆነ፣ ኖራ እንደሆነ፣ ዛሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ዱካው ላይ ተቀምጬ ሳስብ ልጅቷ የጠረጴዛውን ልብስ ጨርሳ ማጠፍ ጀምራ ነበር። ስምሽ ማነው የእኔ ልጅ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ጥያቄው ወጥመድ ይኑረው አይኑረው የምትመዝን ይመስላል።

«እዚህ ቤት ነው?» አለችኝ።

እናትሽ ያወጣችልሽን አልኳት። ሀዋ ነኝ አለች፣ ቀስ ብላ። እዚህ ትዕግሥት ይሉኛል። ሀዋ! ሁለት ፊደል ነው፤ ሕፃን ልጅ አፉን ሲፈታ ሊለው የሚችል ስም ነው። ይህን ለአፍ ከበደን ብለው ነው ትዕግሥት ያሏት። ደግሞ የመረጡላት ስም ራሱ ትእዛዝ ነው። ከዱካዬ ተነስቼ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ፤ ዕሌኒን ስይዛት አንቺ ደግሞ ጀመረሽ፣ ስሟን የቀየርነው ለራሷ ብለን ነው፣ እንግዳ ፊት ደስ ይላል አለችኝ። የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ከተቀበረ ሰባት ዓመት የሞላው ድምፅ ከእህቴ አፍ ወጣ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ፣ ምን አለበት፣ ስም እንደሆን ስም ነው፣ እኛም እንዲሁ ነበርን አሉ።

በዚህ መሐል የዕሌኒ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ዕሌኒ ከእኔ ጋር ስትከራከር አላነሳችውም፤ የልጅ ልጇ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ፈጥና አነሳችው። ሄሎ፣ ሄሎ አለች፣ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ በጨዋ የከተማ ልጅ አማርኛ፣ «ሀዋ የምትባል እዚህ የለችም፣ ቁጥር ተሳስተዋል» አለች።

ለማንም አልነገርኩም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። በእነዚህ ጉልበቶች እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ስልኩን ከልጅቷ እጅ ነጠቅሁት። ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ፣ ልትዘጋው የተቃረበች፣ እሺ፣ ይቅርታ፣ ልጄን ፈልጌ ነው እያለች ነው፤ ከኋላዋ የፍየል ጩኸት ይሰማል። አትዝጊው አልኳት። ዕሌኒ ክንዴን ያዘችኝ፣ ወይዘሮ አስካለ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። የሚሰሙኝ ሁሉ እንዲሰሙ፣ ጓሮ ያለችውም እንድትሰማ፣ በዕድሜዬ ጮክ ብዬ የማላውቀውን ያህል ጮክ አልኩ።

«አሲ ጅርቲ» አልኩ። «ልጅሽ እዚህ አለች። ሀዋ፣ ነይ፣ እናትሽ ናት።»